ከዝላይ ወዲያ የሚከንፍ ፈረስ

ከደባርቅ ተነሥቶ የሊማሊሞን ጠመዝማዛ ቁልቁለት እየወረደ እስከ ድብ ባሕር የዘለቀ ሰው፣ የዚያ አገር ፈረስ ደልዳላ ሜዳ ላይ ብቻ የሚሄድ እንስሳ እንዳልሆነ ያውቃል። የድንጋይ ካብ አለ፤ ክረምት የቦረቦረው ቦይ አለ፤ ለአፈርና ውኃ ጥበቃ የተቆፈረ ጉድጓድ፣ ማሳን ከማሳ የሚለይ እርከን አለ። ፈረሰኛ ይህን ሁሉ እየዞረ ልሂድ ቢል ይመሽበታልና ፈረሱን ያዘልለዋል። አብዛኛው ፈረስ መዝለሉ አያቅተውም፤ ጭንቁ የሚመጣው ከተዘለለ በኋላ ነው። አንዳንዱ ፈረስ ገና መሬት ከመንካቱ አንገቱን ወደ ፊት ወርውሮ ይከንፋል። እግሩ ይደነቃቀፋል፣ ወደ አንድ ወገን ያዘነብላል፣ ጋላቢው ልጓሙን በሳበ ቁጥር ይብስበታል። አጠገብ ያለው ሰው እንደ ስሜቱ አንዱን ይላል፦ ወይ «እሳት የላሰ ፈረስ» ብሎ ያደንቃል፣ ወይ «አመለኛ» ብሎ ይኮንናል። እኔ ሁለቱንም ፍርድ አልቀበልም። ከዝላይ ወዲያ የሚከንፍ ፈረስ አብዛኛውን ጊዜ ሚዛኑን የሳተ ፈረስ ነው፤ የሚሮጠውም ላለመውደቅ ነው። ነገሩ እንዲህ ከሆነ ልጓም ማጥበቅ ችግሩን ያባብሰዋል እንጂ አያቃልለውም።

ይህን ለማየት ከፈረሱ አካል መጀመር ይሻላል። ፈረስ ዝም ብሎ በቆመበት እንኳ ከክብደቱ 60 በመቶ ያህሉን የሚሸከመው በፊት እግሮቹ ነው፤ ከባድ ጭንቅላቱና ረጅም አንገቱ ሚዛኑን ወደዚያ ይስቡታል። ሰው ትከሻውን ከደረቱ ጋር የሚያያይዝ አጥንት አለው፤ ፈረስ ይህ አጥንት የለውም። ደረቱ በሁለቱ የትከሻ አጥንቶች መካከል የተንጠለጠለው በጡንቻና በጅማት ብቻ ነው። እንዲህ የተሠራ እንስሳ ዘልሎ ሲወርድ መጀመሪያ አንደኛው የፊት እግሩ ብቻውን መሬት ይነካል፤ ሁለተኛው ተከትሎ ትንሽ ወደ ፊት ርቆ ያርፋል፤ የኋላዎቹ ሊያርፉ ሲመጡ የፊቶቹ ቦታውን ለቀው መነሣት አለባቸው። ዓይን ተጨፍኖ እስኪገለጥ ባለች ጊዜ ውስጥ የፈረሱ ክብደት፣ የጋላቢው ክብደትና የመጣበት ፍጥነት ተደምረው በአንድ ቀጭን እግር ላይ ያርፋሉ። የኋላ እግሮቹ ፈጥነው ከሆዱ ሥር ከገቡለት ሰውነቱን መልሰው ያነሡታል፤ ፈረሱም ቀጥ ብሎ በተመጣጠነ ድንገላሳ ይቀጥላል። ከዘገዩ ወይም ወደ ጎን ካረፉ ግን ክብደቱ ወደ ፊት መውረዱን አያቆምም። በቁልቁለት የተደናቀፈ ሰው ባለበት መቆም ስለማይሆንለት እግሩን አፍጥኖ ከሰውነቱ ሥር ለማድረስ እንደሚንደረደር ሁሉ፣ ፈረሱም ያለው ምርጫ ይኸው ብቻ ነው። እኛ ከላዩ ሆነን «ከነፈ» የምንለው ይህንን መንደርደር ነው።

እርግጥ ነው፣ የሚከንፍ ፈረስ ሁሉ በአንድ ምክንያት አይከንፍም። ስለዚህ ጥድፊያው የሚጀምረው የት ላይ እንደሆነ አስተውሎ ማየት ያስፈልጋል። ገና ቦዩን ከሩቅ ሲያይ ጆሮውን አቁሞ እርምጃውን የሚያፋጥን ፈረስ ብዙ ጊዜ ፈርቷል፤ የሚያስጨንቀውን ነገር ቶሎ አልፎ መገላገል ይፈልጋል። የፈረስ ዓይን ዙሪያውን ከሞላ ጎደል ያያል፤ ግንባሩ ፊት ለፊት በቅርብ ያለውን ግን አያይም። በመጨረሻዋ እርምጃ ላይ የሚዘለውን ነገር በትክክል ሳያየው፣ ቀድሞ ባየው ተማምኖ ነው የሚነሣው። ጭንቅላቱን በልጓም ቀና አድርገው ወይም ጎትተው የያዙበት ፈረስ ደግሞ አስቀድሞ መመዘኑንም ይነፈጋል። ወደ ዝላዩ በሰከነ እርምጃ መጥቶ፣ አስተካክሎ ዘልሎ፣ ካረፈ በኋላ ብቻ የሚፈረጥጥ ፈረስ ግን ሌላ ጉዳይ አለው፦ ወይ ሚዛኑ ተዛብቷል፣ ወይ ሲያርፍ የሚያመው ነገር አለ፣ ወይ ከላዩ የተቀመጠው ሰው አንድ ነገር አድርጎታል። ሁልጊዜ ወደ ቀኝ ብቻ ወይም ወደ ግራ ብቻ የሚያዘነብል ከሆነም በአንዱ ወገን ድካም ወይም ሕመም መኖሩን መጠርጠር ይገባል።

ከላይ ስለተቀመጠው ሰው ደፈር ብሎ መነጋገር ያስፈልጋል። የደጋችን ፈረስ ትንሽ ነው፤ ቁመቱ ከ1.30 ሜትር እምብዛም የማይርቅ ነው። ለምሳሌ 250 ኪሎ የሚመዝን ፈረስ እንውሰድ። ብዙ የፈረስ ባለሙያዎች የሚከተሉት መመሪያ ፈረስ ከክብደቱ 20 በመቶ ገደማ ቢሸከም ይበቃዋል ይላል፤ ይህም ለዚህ ፈረስ 50 ኪሎ መሆኑ ነው። 60 ኪሎ የሚመዝን ጎልማሳ ከነኮርቻውና ከነጋቢው 70 ኪሎ ቢደርስ 28 በመቶ ተጭኗል ማለት ነው። በ2008 እ.ኤ.አ. የታተመ አንድ የአሜሪካ ጥናት ስምንት ፈረሶችን ከ15 እስከ 30 በመቶ እየጫነ ሲፈትሽ፣ ሸክሙ ከ25 በመቶ ጀምሮ ሲከብድ የልብ ምታቸው እንደሚያሻቅብና ጡንቻቸው እንደሚታመም አሳይቷል። ያ በሜዳ ግልቢያ ነው፤ ዝላይ አልነበረበትም። ደባርቅ ደግሞ ከባሕር ወለል በላይ ከ2,800 ሜትር በላይ ናት፤ አየሩ ስስ ነው። ፈረስ ሲጋልብ የሚተነፍሰው በእያንዳንዱ እርምጃ አንድ ጊዜ ስለሆነ፣ እርምጃው ሲዘበራረቅ ትንፋሹም አብሮ ይዘበራረቃል። ከባድ ሰው ትንሽ ፈረስ አይጋልብ ለማለት አይደለም፤ የአገራችን ፈረስ ከቁመቱ በላይ ጽናት እንዳለው ዘመናት መስክረዋል። ዝላይ ላይ ግን ያ ትርፍ ክብደት የት እንደሚያርፍ እጅግ ወሳኝ ይሆናል።

ብዙውን ጊዜ የሚያርፈው በኮርቻው የኋላ ደጋፊ ላይ ነው። ባህላዊው የእንጨት ኮርቻ ፊቱም ኋላውም ከፍ ያለ ነው፤ በጦርነትና በረጅም ጉዞ ጋላቢውን አቅፎ ይይዛል፤ ለተሠራለት ሥራ የሚመጥን ጥበብ ነው። በቀድሞው ልማድ ፈረሰኛው እርካቡን በአውራ ጣቱ ብቻ መቆንጠጡም ብልሃት ነበረው፤ ቢወድቅ እግሩ አይጠመድበትም። ፈረሱ ሲዘል ግን ጋላቢው ከወገቡ ጎንበስ ብሎ በእግሩ ላይ ካልተደገፈ፣ የፈረሱ ጀርባ ሲነሣ ወደ ኋላ ይወረወርና ፈረሱ በሚያርፍባት ቅጽበት በሙሉ ክብደቱ ወገቡ ላይ ይወርድበታል። የኋላ እግሮቹን ከሆዱ ሥር ለማስገባት ጀርባውን ማንሣት የሚያስፈልገው በዚያችው ቅጽበት ነው። ከላይ ተመትቶ ጀርባው ይሰረጉዳል፣ የኋላ እግሮቹ ይቀራሉ። በዚህ ላይ ጋላቢው ላለመውደቅ ሲል ዛቡን ይዞ ይንጠለጠላል።

የደጋው ባህላዊ ልጓም ደግሞ ቀላል ዕቃ አይደለም። የታችኛውን መንጋጋ የሚጨብጥ የብረት ቀለበት አለው፤ በትንሽ ስበት ብዙ ያሳምማል። ይህም ያለ ምክንያት አልተሠራም፤ አንዱ እጁ ጦር ሌላው ጋሻ የያዘ ተዋጊ ፈረሱን በጣት ስበት ማቆም ነበረበት። ያ ጦርነት ዛሬ የለም፤ ብረቱ ግን አለ። ፈረስ በአየር ላይ ሳለና ሲያርፍ ሚዛኑን የሚጠብቀው አንገቱን ዘርግቶና ዝቅ አድርጎ ነው። በዚያን ጊዜ አፉን የሳበ ሰው የሚመካበትን አንገት ይዞበታል፤ ፈረሱ ከሥቃዩ ለመሸሽ ጭንቅላቱን ወደ ላይ ይሰቅላል፣ ጀርባው ይሰረጉዳል፣ የኋላ እግሮቹ ይበልጥ ይዘገያሉ፣ ይከንፋል። መክነፉን ያየ ጋላቢ እንደገና ይስባል። ጥቂት ጊዜ እንዲህ ከሆነ በኋላ ፈረሱ ዝላይንና የአፍ ሕመምን አንድ ላይ አያይዞ ይማራል። ቀድሞ ካረፈ በኋላ ብቻ የሚከንፈው ከዝላዩ በፊትም መክነፍ ይጀምራል፤ ያኔ አመለኛ የሚለው ስም ይጸድቅበታል።

ይህን ያስተዋለው የዘመኑ ሰው ብቻ አይደለም። ከክርስቶስ ልደት በፊት በ4ኛው መቶ ዘመን ስለ ፈረስ ግልቢያ መጽሐፍ የጻፈው ግሪካዊው የጦር አዛዥ ዜኖፎን፣ ቦይና ካብ የማያውቅ ፈረስ መጀመሪያ ያለ ጋላቢ እየተሳበ መለማመድ እንዳለበት ይመክራል። ጋላቢውም ፈረሱ ሲዘል ጋማውን ይያዝ ይላል፤ መሬቱ ሳያንስ ልጓሙም ተጨምሮ ፈረሱን እንዳያስጨንቀው ነው። ይህ ምክር ለብዙ መቶ ዓመታት ተረስቶ ቆየ። በአውሮፓ ሠራዊቶች ፈረሰኛው ሲዘል ወደ ኋላ ተለጥጦ ዛቡን እንዲስብ ይሠለጥን ነበር፤ የፊት እግሮቹን ከክብደት ያሳርፋል ተብሎ ይታመን ስለነበር ነው። በ1868 እ.ኤ.አ. የተወለደው ጣሊያናዊ የፈረሰኛ ጦር መኮንን ፌዴሪኮ ካፕሪሊ ይህን ተቃወመ። ፈረሶች ያለ ጋላቢ እንዴት እንደሚዘሉ አጥንቶ፣ ማንም ሳይስባቸው አንገታቸውን ዘርግተው በፊት እግራቸው እንደሚያርፉና ተረጋግተው እንደሚቀጥሉ አየ። ስለዚህ ጋላቢው እርካቡን አሳጥሮ፣ ከኮርቻው ብድግ ብሎ፣ ከፈረሱ ጋር ወደ ፊት ጎንበስ እንዲልና እጁን የፈረሱን አፍ ተከትሎ እንዲሰድ አስተማረ። በ1907 እ.ኤ.አ. ሲሞት ትምህርቱ ከአገሩ ውጭ መሰራጨት ጀምሮ ነበር፤ ዛሬ በኦሊምፒክ ዝላይ የሚታየው አቀማመጥ ከእሱ የወጣ ነው። ከአገሩ ሠራዊት ጋር ያለን ታሪክ መራራ ቢሆንም፣ ይህን ዕውቀት ለፈረሶቻችን ስንል ብንወስደው አንጎዳም።

ከሥልጠና በፊት ግን ሕመምን ማጣራት ይቀድማል። በኢትዮጵያ በጋማ ከብት ላይ የተሠሩ ጥናቶች ደጋግመው ከሚያነሧቸው ችግሮች አንዱ የጀርባ ቁስል ነው፤ መነሻውም በአብዛኛው የማይመጥን ኮርቻና ጭነት ነው። ኮርቻው ሲወርድ የላቡን አሻራ ማየት ብዙ ይናገራል። ሁሉም ቦታ ረጥቦ አንዲት ቦታ ብቻ ደርቃ ከቀረች ጫናው እዚያ ላይ አለ ማለት ነው። አከርካሪውን ግራና ቀኝ በጣት ጫን እያሉ ሲሄዱ ፈረሱ ከተሸማቀቀ፣ ጆሮውን ወደ ኋላ ካስተኛ ወይም ሊነክስ ከዞረ ያመዋል። አፉን ከፍቶ ልጓሙ የሚያርፍበትን ድድና የምላሱን ጠርዝ ማየት፣ የመንጋጋ ጥርሶቹ ሹል ሆነው ጉንጩን እንዳላቆሰሉ ማረጋገጥ ይገባል። ብረት ያልተመታ ሰኮና በድንጋያማ አገር ሊቀጠቀጥ ይችላል፤ የፊት እግሮቹ ከዝላይ ማግስት ሞቅ ካሉ ወይም ካበጡ ፈረሱ የሚከንፈው ከሕመሙ ለመሸሽ ሊሆን ይችላል። እንዲህ ያለውን ፈረስ ማሠልጠን ማሠቃየት ነው። በየወረዳው የእንስሳት ጤና ባለሙያ አለ፤ የጎንደር ዩኒቨርሲቲም የእንስሳት ሕክምና ትምህርት የሚሰጥ ኮሌጅ አለው። በሬ ሲታመም ወደ ሐኪም የሚሮጥ ገበሬ ለፈረሱ የማይሮጥበት ምክንያት አይታየኝም።

እዚህ ላይ ሁለት ተቃውሞዎች ይነሣሉ፤ ሁለቱም ክብደት አላቸው። የመጀመሪያው እንዲህ ይላል፦ የፈረስ ክብሩ እሳትነቱ ነው፤ የሰከነ ፈረስ ከበቅሎ በምን ይለያል? ይህ ከታሪካችን የመነጨ ስሜት ነው። ንጉሦቻችንና መሳፍንቶቻችን የሚጠሩት በፈረሳቸው ስም ነበር፤ ቴዎድሮስ አባ ታጠቅ፣ ዮሐንስ አባ በዝብዝ፣ ምኒልክ አባ ዳኘው ተብለዋል። ጎንደር ከተማ በፋሲል መዋኛ ግቢ ጉልላት ያላት ትንሽ ሕንፃ አለች፤ ዞብል የሚባል ፈረስ መቃብር ናት ይባላል። ታሪኩ በተለያየ መንገድ ይነገራል፤ ከሚነገሩት አንዱ ዞብል ጌታውን ይዞ በማይታመን ዝላይ እንዳመለጠ ነው። አፈ ታሪኩ እውነት ይሁን አይሁን፣ አንድ ነገር ግልጽ ነው፤ እንዲያ ዘልሎ ጌታውን በሕይወት ያደረሰ ፈረስ አስተካክሎ አርፎ መሆን አለበት። ከዝላይ በኋላ እግሩ የሚጠላለፍ ፈረስ ማንንም ከጠላት አያስመልጥም፤ ጌታውን ከጠላት ፊት ይጥለዋል እንጂ። ፈረስ ያደርሳል እንጂ አይዋጋም ይባላል፤ ለማድረስ ደግሞ መቆም አለበት። ሚዛን ያለው ፈረስ እሳቱን አላጣም። ጉልበቱን ወደ ላይ ለመነሣት፣ ለመታጠፍና በተጠየቀ ጊዜ ለመፈትለክ ይጠቀምበታል፤ ሚዛን የሌለው ያንኑ ጉልበት ላለመውደቅ ይጨርሰዋል። ጉግስ የሚያውቅ ሰው ይህን በቀላሉ ይረዳዋል፤ በጉግስ ጋላቢው ዘንግ ሲወረውር በአንድ ጊዜ የሚዞር ፈረስ ክብደቱን በኋላ እግሩ ላይ መሰብሰብ ካልቻለ አይዞርም።

ሁለተኛው ተቃውሞ ከፈረሰኛ አፍ ብዙ ጊዜ ይሰማል፦ ትርፍ ጉልበቱ ነው የሚያስከንፈው፤ አድክመው፣ ይበርዳል። ይህ መንገድ በእኛው አገር በጽሑፍ የተመዘገበ ምስክር አለው። በየካቲት 1770 እ.ኤ.አ. ሊማሊሞን ወጥቶ ጎንደር የገባው ስኮትላንዳዊው ጀምስ ብሩስ፣ በዚያው ዓመት ወደ ዓባይ ምንጭ ሲሄድ ከዳሞቱ ገዥ ከፋሲል ሰፈር እጅግ አስቸጋሪ ፈረስ እንደተሰጠው፣ እሱም ዳገት ቁልቁለቱን እስኪዝል ድረስ ጋልቦ እንዳስገዛው በጉዞ መጽሐፉ ጽፏል። ሰውየው ፈረሰኛ ነበር፤ ታሪኩም የሚያስደንቅ ነው። ነገር ግን ያ ፈረስ በዚያ ቀን የተማረው ነገር ቢኖር መድከምን ነው። በማግስቱ ሲያርፍ ጉልበቱ ይመለሳል፣ ችግሩም ይመለሳል። በዝላይ ላይ ደግሞ ማድከም ከዚህ የባሰ አደጋ አለው። ሚዛን የጡንቻ ሥራ ነው፤ የዛለ ጡንቻ የኋላ እግሮችን በጊዜ ከሆድ ሥር አያደርስም። ስለዚህ የደከመ ፈረስ ካልደከመው ይልቅ በክፉ ያርፋል፤ ጅማት የሚበጠሰውም ያኔ ነው። ከዚህ ተቃውሞ የምቀበለው አንድ ነገር አለ። ብዙ ገብስና ባቄላ እየበላ ቀኑን ሙሉ ታስሮ የሚውል ፈረስ መጋሉ አይቀርም። እንዲህ ላለው ፈረስ መፍትሔው በየዕለቱ በረጅሙ ማንቀሳቀስና ድርቆሹን ጨምሮ እህሉን ከሥራው ጋር ማመጣጠን ነው፤ በበዓል ዋዜማ እስኪዝል ማስጋለብ አይደለም።

ታዲያ ምን ይደረግ? ሥራው የሚጀምረው ዝላይ በሌለበት ነው። ፈረሱ በእርምጃና በሶምሶማ፣ በረዘመ ዛብ፣ በድምፅና በሰውነት ምልክት መፍጠንና መቀዝቀዝ ካልቻለ ከዝላይ በኋላ አይችልም። ጋላቢው ወገቡን ቀና አድርጎ ረጋ ሲል ፈረሱ ረጋ እንዲል፣ ዛቡ ለአፍታ ጠበቅ ተደርጎ ወዲያው ሲለቀቅ እርምጃውን እንዲሰበስብ ይለማመድ። ዋናው ነገር መልቀቁ ነው። ያለማቋረጥ የሚስብን እጅ ፈረስ ተደግፎበት ይሮጣል፤ ጠበቅ ብሎ የሚለቅን እጅ ግን የሚደገፍበት ስለሌለ ራሱን ይሸከማል። ሰፊ ክብ መዞር ከዚህ ጋር ይሄዳል። ክብ ላይ ያለ ፈረስ የውስጠኛውን የኋላ እግር ከሆዱ ሥር እንዲያስገባ ቅርጹ ራሱ ያስገድደዋል፤ ጠባብ ክብ ግን ያዳልጠዋልና ከ15 እስከ 20 ሜትር ስፋት ያለው ይሁን። ወደ ቀኝ የሠራውን ያህል ወደ ግራም ይሥራ።

ቀጥሎ አጣና ይበቃል። ጥቂት የባሕር ዛፍ አጣናዎች መሬት ላይ በተርታ ይጋደማሉ፤ ለትንሽ ፈረስ በእርምጃ ከ70 እስከ 80 ሳንቲ ሜትር ተራርቀው ይጀመርና በእርምጃው ርዝመት ይስተካከላል። መጀመሪያ ሰው እየሳበው፣ ከዚያም ጋላቢ ይዞ፣ አጣናዎቹን ሳይነካ በእኩል እርምጃ እስኪሻገር ይደጋገማል። ፈረሱ እግሩን የት እንደሚያሳርፍ ማየትና አንገቱን ዝቅ ማድረግ የሚለማመደው እዚህ ነው። ከዚያ በኋላ የመጨረሻው አጣና ከጉልበት በታች ከፍ ይላል፤ ፈረሱም በሶምሶማ መጥቶ ይሻገራታል። በሶምሶማ የመጣ ፈረስ በግልቢያ ከመጣው ይልቅ በዝግታ ያርፋል፤ የመጣበት ፍጥነት ካነሰ ሲያርፍ የሚሸከመውም ያንሳል። ከዝላዩ ባሻገር ሌላ አጣና መሬት ላይ ማጋደም ደግሞ ከሁሉ የሚጠቅም ይመስለኛል። ፈረሱ እንዳረፈ ያንን አጣና ያይና ለመሻገር እርምጃውን ያስተካክላል፤ እንዲቀዘቅዝ የሚነግረው የጋላቢው እጅ ሳይሆን ፊቱ ያለው አጣና ይሆናል። ርቀቱ የፈረሱን እርምጃ አይቶ መወሰን አለበት፤ ያረፈበት ቦታ ላይ ከሆነ እግሩን ይጎዳዋል።

የቦታው ምርጫም ግማሽ ሥራ ነው። ገር ያለ ዳገት ላይ ሽቅብ የሚዘል ፈረስ ሲያርፍ መሬቱ ራሱ ይቀበለዋል፤ ክብደቱም ወደ ኋላ እግሩ ይመለስለታል። በቁልቁለት የሚዘል ፈረስ ግን በእያንዳንዱ ዝላይ መክነፍን ይለማመዳል። የሰሜኑ ደጋ ዳገት አይቸግረውምና ይህን መጠቀም ይቻላል። ድንጋይ ያልበዛበት ሣር ይመረጥ፤ ዝናብ የመታው ዋልካ ያንሸራትታልና ይቅር። ፈረሱ ሲዘል ጋላቢው ጋማውን ይያዝ፣ ከወገቡ ጎንበስ ይበል፣ ካረፈም በኋላ ቶሎ ቀና አይበል። ጋማ መያዝ የፈሪ ምልክት የሚመስላቸው ሰዎች አሉ። ዝላይ ላይ ጋማ የያዘ ሰው የፈረሱን አፍ ከራሱ ስሕተት ያድናል፤ ይህ የብልህ ሰው ሥራ ነው። ካረፈ በኋላ ፈረሱ ቢፈጥን መሳብ ሳይሆን ወደ ሰፊ ክብ መምራት፣ በለሰለሰ ድምፅ ማናገር፣ ከድንገላሳ ወደ ሶምሶማ፣ ከሶምሶማ ወደ እርምጃ እስኪወርድ መጠበቅ ነው። በእርምጃ ሲሄድ ዛቡ ይረዝምለት፣ አንገቱ ይታሸለት። ሁለትና ሦስት ጊዜ አስተካክሎ ካረፈ ለዚያ ቀን ይበቃዋል። አንድ ጊዜ ደግሞ ልሞክር ማለት ጥሩውን ሥራ የሚያበላሽ ፈተና ነው።

ጊዜውና ገንዘቡ ከየት ይመጣል የሚል ሰው እውነት አለው። አንድ ፈረስ ያለው ገበሬ የሚያርሰው፣ የሚያጭደው፣ ገበያ የሚያደርሰው ሥራ አለበት። ይሁንና እዚህ የተነሣው ሁሉ የሚጠይቀው ጥቂት አጣናዎችና ከመደበኛው ጉዞ የሚቀነስ አጭር ጊዜ ነው፤ ከገበያ ሲመለሱ በመንገድ ዳር ባለ ሣር ላይ ይሠራል። ሌላው ወጪ ከዚህ እጅግ ይበልጣል። የፊት እግሩ ጅማት የተጎዳ ፈረስ ወራት ሳይሠራ ይቆማል፤ ብዙውም እንደ ድሮው አይሆንም፤ የወደቀ ጋላቢ አጥንት ደግሞ ዋጋ አይወጣለትም። ይህ ሁሉ ተደርጎም የማይሰክን ፈረስ አለ። የተፈጥሮ አቋሙ የማይረዳው፣ ዕድሜው የገፋ፣ ወይም ያለፈው ፍርሃት በጣም ሥር የሰደደበት ሊሆን ይችላል። እንዲህ ያለው ፈረስ ቦዩን ዞሮ ይሂድ፤ በሌላ ሥራ ክቡር ሆኖ ይኖራል።

በየዓመቱ የፈረሰኞች በዓላት የሚደረጉባቸው ቦታዎች ደግሞ ይህን ዕውቀት ለማስፋፋት ከሁሉ ይቀርባሉ። በአዊ፣ በእንጅባራ፣ በ1932 ዓ.ም. የተመሠረተው የአገው ፈረሰኞች ማኅበር በዓሉን ጥር 23 ያከብራል፤ በሰሜኑም ደጋ በጥምቀትና በመስቀል ሰሞን ጉግስ ይታያል። ፈረሱም ይኸው ሜዳውም ይኸው። በእነዚህ መድረኮች ለሽምጥ ግልቢያ ሽልማት እንደሚሰጥ ሁሉ፣ ለአቋቋምም ነጥብ ቢሰጥ የፈረሰኛው ልማድ በጥቂት ዓመታት ውስጥ ይለወጣል ብዬ አምናለሁ። ፈረሱ ዝቅተኛ መሰናክል ዘልሎ፣ በተወሰነ ርቀት ውስጥ አፉ ሳይሳብ፣ በረዘመ ዛብ ወደ እርምጃ ይውረድ፤ ዳኞችም ይህን ይቁጠሩ። የበዓሉን ሙቀት ይቀንሳል የሚል ይኖር ይሆናል። ተመልካች ግን ፈረስ ሲወድቅ ማየት አይፈልግም። እንደ ንፋስ መጥቶ፣ ዘልሎ፣ በጌታው አንዲት ቃል የሚረጋን ፈረስ ያየ ሕዝብ እልል ማለቱን አያቆምም፤ ያንን ፈረስ ያሠለጠነው ወጣትም በሚቀጥለው ዓመት ጎረቤቱን ያስተምራል።